የላላው ጭምብል

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሊንዳ የጨረር ማሽኑ ክፍል በር ላይ አስቁማኝ፣ «ጠዋት ጠዋት ጨረሩን ሳትለኪ ማንም እዚህ አልጋ ላይ አይተኛም» አለችኝ። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ። ሐኪሙ ለካንሰር ሕመምተኛ ያዘዘውን ጨረር ማሽኑ በትክክል መስጠቱን አረጋግጣለሁ። መለኪያውን አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ ወፍራሙን በር ዘግቼ፣ ቁጥሩን ከውጭ ሳነብ ደስ አለኝ። ከሰው ጋር ብዙ ማውራት የሌለበት ሥራ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ያደግኩት አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ አጠገብ ባለችው ፓራዳይዝ ነው። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። እሑድ በሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆች መድረክ ወጥተው ጥቅስ በቃላቸው ሲሉ፣ እኔ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ እደበቃለሁ። ድምፅ የሚቆጣጠረው ወንድም ሰሎሞን አያባርረኝም። አንድ ቀን ማይክሮፎኑ ሲያፏጭ «ለምንድን ነው?» አልኩት።

«እንዴ! አፍ አለሽ ለካ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ እየገባ መሆኑን አስረዳኝ። ስፒከሩን ትንሽ ሲያዞረው ፉጨቱ ቆመ። የማይታይ ነገርም መንገድ እንዳለው ያኔ ገባኝ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፊዚክስ መረጥኩ። እናቴ ግን «ነርስነት እያለልሽ? ሺፍቱም ጥሩ ነው» አለችኝ። አንድ መምህራችን ሆስፒታል ወስዶ የጨረር ማሽን ባሳየን ዕለት ደወልኩላት። «እማዬ፣ የምሠራው ሆስፒታል ነው» ስላት «እንግዲያው ነርስ ነሽ በይኛ!» ብላ እልል አለች።

ሥራውን በለመድኩ ጊዜ ሊንዳ ጠራችኝ። ጉዳዩ እማማ አስካለ የሚባሉ ያገሬ ሰው ናቸው፤ የጉሮሮ ካንሰር ታካሚ። እንደ እሳቸው ያለ ታካሚ እንዳይንቀሳቀስ በፊቱና በአንገቱ ልክ የፕላስቲክ ጭምብል ይሠራለታል። በዕለቱ ምስል ላይ አንገታቸው ቀጥኖ ጭምብሉ ላልቷል። «ስጠይቃቸው ፋይን፣ ፋይን ይሉኛል። እስቲ በቋንቋችሁ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

«እማማ፣ ጭምብሉ ላላብዎት እንዴ?»

«ኧረ ምንም አይልም የኔ ልጅ። እንዲያውም ተመችቶኛል፤ ጌታ ይመስገን።»

«ምግብስ ይበላሉ?»

 አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ቀድማ መለሰችልኝ፦ «የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን በሙሉ ለእሷ ጾም ጸሎት ይዟል። እነሱ እየጾሙልኝ እኔ እንዴት እበላለሁ ብላ አስቸገረችኝ።»

የጨረሩ ስሌት የተሠራው በበፊቱ አንገታቸው ነው። እንደዚህ ብንቀጥል ጨረሩ ዕጢውን ስቶ ኅብለ ሰረሰራቸውን ሊጎዳ ይችላል። ለሐኪሙ ምስሉን አሳየሁት።

«ካቋረጥንም ዕጢው ለማደግ ጊዜ ያገኛል» አለ። እውነቱን ነው።

«ዛሬ አዲስ ጭምብል ይሠራላቸው። ስሌቱን ለነገ አደርሳለሁ» አልኩ። ምስሉን ደግሞ አየና እሺ አለ።

የቀረው ለእማማ መንገር ነው። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «እማማ፣ ዛሬ ጨረር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ መብላት አለብዎት። ካልበሉ አዲሱም ጭምብል ይላላል» አልኩ። 

«ጾሙን ፍቺ ልትይኝ ነው?»

«የእርስዎን ጾም እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳቁ። «አንቺ ደግሞ ምን ሥጋ አለሽና ነው የምትጾሚው! በይ ሁለታችንም እንብላ፤ እነሱ ይጹሙ።»

ልጃቸው ከቦርሳዋ አጥሚት አውጥታ ሰጠቻቸው። መዋጥ እያመማቸው፣ ፊታቸውን እያጨማደዱ፣ ቀስ ብለው ጠጡት። በማግስቱ በአዲሱ ጭምብል ጨረሩን ወሰዱ። ሕክምናቸውንም ጨረሱ።

አዲስ ለሚቀጠሩ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ምስሉ ላይ ለውጥ ካያችሁ ወደ ሕመምተኛው ሂዱ። ደህና ነኝ ቢላችሁም ምን እንደበላ ጠይቁ።