ጆሮ ላይ የምትዘጋው ሴትዮ

ሰው ፈውዚያ ሐምዱን ሲያሞግስ በሰማሁ ቁጥር ጣልቃ እገባለሁ፤ ጥፋቱ የኔ እንደነበር ካልተነገረ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ሙላት እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ተምረን ስንጨርስ ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን የሶፍትዌር ድርጅት ከፈትን። እሷ የቁይ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እኔ የሉማሜ ገበሬ ልጅ ነኝ። ይህን ያዙልኝ።

ላም ኮርማ የምትፈልገው ለአንድ ቀን ግድም ነው። የኮርማ ዘር ይዞ የሚመጣው አዳቃይ ባለሙያ በዚያች ቀን ካልደረሰ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ግድ ይላል። እኛ የሠራነው ገበሬው በተራ ስልኩ ሲደውል ተቀብሎ የሚያነጋግረውና ቅርብ ላለው ባለሙያ ወዲያው መልእክት የሚልክ ሥርዓት ነው። በስልኩ የሚሰማው የተቀዳ ድምፅ የፈውዚያ ነው። ሉማሜ አጠገብ ያለ አንድ የወተት ማኅበር ክረምቱን ሊሞክርልን ተስማማ፤ ነሐሴ ላይ ተሰብስቦ ወይ ይቀበለናል ወይ ያሰናብተናል።

የፈውዚያ አባት ጋሽ ሐምዱ ግን የራሳቸው ቀጠሮ ነበራቸው። "ዓይኔ የክር ቀለም መለየት አቅቶታል" አሏት። "እስከ መውሊድ እታገሥሻለሁ። ካልሆነላችሁ ሱቁ ሰው ይፈልጋል።" ፈውዚያ አባቷን ትወዳለች። ማኅበሩ እምቢ ካለ ቁይ ገብታ ጨርቅ እንደምትለካ፣ ከዚያም እንደማትወጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሰኔ ላይ ጀመርን። ሰው ይደውላል፤ ግን ድምፁ ተጫን ያለውን ቁጥር ሳይጫን ይቋረጣል። እኔ ደግሞ የባህር ማዶ ሰዎች ስለ ጀማሪ ድርጅት የሚያስተምሩበትን ቪዲዮ አይቼ አዋቂ ሆኛለሁ። ገበሬው የሚሰለቸው ስለረዘመ ነው ብዬ ንግግሩን አሳጠርኩት፤ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ቁጥር ካልተጫነ ስልኩ እንዲዘጋ አደረግኩ። መቋረጡ ባሰ። እኔም የበለጠ አሳጠርኩት።

አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ደምለው ከሉማሜ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። ጋቢያቸው በዝናብ ርሷል። ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ያቺ ስልክ ላይ ያስቀመጣችኋት ሴትዮ የማን ልጅ ናት?"

"ምነው፣ ምን አደረገች?" አልኩ።

"ጤና ይስጥልኝ ትለኛለች። እኔም እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ ብዬ ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ድርግም! ሦስቴ ደወልሁ፤ ሦስቴ ዘጋችብኝ። ላሜ አመለጠችኝ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ አኩርፏል። እንዲህ ያለች ባለጌ አይቼም አላውቅ!"

ፈውዚያ ብድግ አለች። "ባለጌዋ እኔ ነኝ፣ አያ። ይቅር ይበሉኝ።"

አያ ደምለው ድምፁን ለዩት። ደነገጡ፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጭ አሉ። "አንቺማ ጨዋ ትመስያለሽ" አሉ ቀስ ብለው።

ከሸኘናቸው በኋላ ፈውዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም እንዴ? ይሄ እንዴት ጠፋህ?" አባቴ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ እኔ በእግሬ መሬት እየጫርኩ ሰላምታው እስኪያልቅ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። እሷ ቀጠለች። "አባቴ ገዢ ሲገባ ዋጋ አይናገርም። ቤቱን ይጠይቃል፣ ልጁን ይጠይቃል፣ መንገዱን ይጠይቃል። ሰውየው የመጣበትን ራሱ ያወራል።"

አራት ቀን ሠርታ የኔን ፈጣን ሥራ አፈረሰችው። አዲሱ ድምፅ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ይልና ደዋዩ ተናግሮ ዝም እስኪል ይጠብቃል። "ቤተሰብ ደህና ነው?" ይልና ይጠብቃል። ቀጥሎ "ከብቱስ?" ይላል። እዚህ ላይ ገበሬው የላሟን ነገር ራሱ ይናገራል! የሚጫን ቁጥር አላስፈለገንም። የተናገረው ተቀድቶ እንዳለ ለባለሙያው ይደርሳል። አገሬው ሲጠያየቅ የኖረውን እኛ በቁጥር ልንተካ ስንደክም ከርመናል።

የላሟ ሦስት ሳምንት ሞላ፤ አያ ደምለው በጠዋት ደወሉ። እኛ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተን ሰማን። የጤናቸውን ነገር፣ የዝናቡን ነገር፣ የምራታቸውን መውለድ ሁሉ ተናገሩ። "ከብቱስ?" ሲባሉ "እሷማ ከንጋት ጀምራ ስትጮህ ነው ያረፈደችው" አሉ። ከሰዓት በኋላ ባለሙያው በጭቃው ሞተሩን እየገፋ በራቸው ላይ ደረሰ። ፈውዚያ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው፤ እኔ እልል አልኩ፤ ወንድ እልል አይልም የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ከዚያ ስልኩ አላረፈም። ነሐሴ ላይ ማኅበሩ ሲሰበሰብ እኛን ለመቀበል እጁን ያላወጣ አባል አልነበረም። አያ ደምለው ተነሥተው "ሴትዮዋ አሁን ሰው ሆናለች" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በሳምንቱ የዲማ አካባቢ ገበሬዎችም ለእኛም ይሁን ብለው ላኩብን።

ፈውዚያ የምሥራቹን ለአባቷ ገና አልነገረችም ነበር፤ ፊት ለፊት ልትነግራቸው ለመውሊድ የቀረውን ሦስት ቀን እየጠበቀች ነበር። ያን ቀን የተቀዱትን ጥሪዎች ስንሰማ አንዱ ከቁይ ሆነ። ቁጥሩን እንዳየች ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ቤተሰብ ደህና ነው?" ይላል የራሷ ድምፅ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን።"

"ከብቱስ?"

ጋሽ ሐምዱ ጥቂት ሳቁ። "ከብት እንኳ የለኝም ልጄ፤ ሱቅ ነው ያለኝ። የሉማሜ ገበያተኛ ሁሉ ስላንቺ አወራኝ። ሱቁም ደህና ነው። ሰው ቀጥሬለታለሁ።"

ፈውዚያ ሦስት ጊዜ መልሳ ሰማችው። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ቁይ የሄደችው ለበዓሉ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ተመልሳ ሥራ ገባች።