የተቆረጠው ማማ

ቆቦ ላይ ፎቅ የሚያሠራ አንድ ጎልማሳ ሰሞኑን ከደጄ መጥቶ ወሰደኝ። ፎቁ የሚቆመው ድሮ በረሀብ ያለቁት ሰዎች ካረፉበት ሜዳ ጥግ ነው። እኛ ሽማግሌዎች መቃብር የሚጎበኝ ሰው ከላይ አይታይምና ከመቃብሩ ግራር አናት አትለፍ ብለነዋል፤ እሱ ግን ሦስተኛውን ወለል ሞልቶ ግራሩን አልፎታል። ጉልበቴን ይዤ ወጣሁ።

"አባባ፣ ይኸው ይዩት፤ ሣር ብቻ ነው። ማንን ነካሁ?" አለኝ።

ከጫፉ ቆሜ ቁልቁል አየሁ።

ነገሩ የድሮ ነው፤ ጢሜ ገና ሲያቀመቅም ነበር። ረሀቡ ካለፈ ወዲህ ማሽላ ያማረልን ያን ዓመት ነው። ማሳችን ከመቃብሩ ይዋሰናል። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ስለነበር፣ ግሪሳው ከየት እንደሚወርድ እንዲታየኝ ማማዬን ከሁሉም አስረዝሜ ሠራሁት። እዚያ ላይ ወንጭፌን አስጮሃለሁ፣ የጠበስኩትን እሸት እያሸሁ እቅማለሁ። ረሀብ ያየ ሰው እሸት ሲበላ ዓይኑን ይጨፍናል።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ሐሙስ ሐሙስ ወደ መቃብሩ ትመጣለች። ሦስት ልጆቿ እዚያ ናቸው። የቀበረ ሰው ሁሉ ጉልበት ስላልነበረው ድንጋይ አልተተከለም፤ እሷ ግን እዚህ ናቸው ያለችው ቦታ ነበራት። ሻሿን ፈታ አፈሩን እየደባበሰች ታወራቸዋለች። አንድ ቀን ቀና ስትል አየችኝ።

"አንተ ልጅ፣ ውረድ ከዚያ።"

ወፍ ልጠብቅ ነው አልኳት።

"ወፉን ጠብቅ። እኔን ከላይ አትየኝ። ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ተወኝ።"

ደረቅ ነኝና አልወረድኩም። አባቴ ከማሳው ውስጥ ሰምቷት ኖሮ፣ ማማውን ከወገቡ ቁረጠው አለኝ። ግሪሳው ይጨርሰናል ስለው፣ "የነሱ ድርሻ ይሁን" ብሎ ወደ መቃብሩ አመልክቶ ዞረ።

ልወርድ ስል ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከታች ለጥ ያለ የሚመስለን ሜዳ፣ ከላይ ሲያዩት አፈሩ በየመቃብሩ ላይ ሰምጦ፣ በየቦታው ጎድጉዶ ጥላ ይዟል። በጎቻችንን የምንነዳበት ሁሉ፣ እስከ ወንዙ። እትዬ ዘሀራ የተቀመጠችበት ብቻ አልጎደጎደም፤ ምንም የለበትም። ከሷ ራቅ ብሎ፣ ማንም የማይቀመጥበት ላይ፣ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች ጎን ለጎን አሉ። የሷ ይሁኑ የሌላ አላህ ያውቃል።

ማማውን ቆረጥኩት። ያን ዳር ግሪሳ በላው። ያየሁትን አልነገርኳትም፤ ስንት ጊዜ የደባበሰችውን አፈር እንዴት ብዬ ልቀማት? አላህ ይርሃማት፣ ስትሞትም ከልጆቼ አጠገብ ብላ ተናዛ እዚያው ቀበርናት።

አሁን ከሦስተኛው ወለል ላይ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ጉድጓዱ ሁሉ ውሃ ይዞ ያበራል። ሦስቱ እዚያ ማዶ። የእሷ መቃብር እዚህ፣ ብቻውን።

"አባባ፣ ምን ታየዎት?" አለኝ ጎልማሳው።

"ከግራሩ በላይ ያለውን አፍርሰው" አልኩት።

ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእሱ አልነግረውም።