ስለ ጀርመን መኪና የሰጠሁት ቃል

አዲስ አበባ ላይ «ተቃዋሚ ጭነሃል» ብለው ከታክሲዬ አውርደው አሰሩኝ። የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነው። ቀጥሎ አንድ ሸበቶ ሰው ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የአውቶ መካኒክ መምህር ነበሩ፤ እዚያም ሆነው ማስተማራቸውን አልተዉም።

አንድ ጠዋት ጀርመኖች መጀመሪያ ስለሠሯት የቤንዚን መኪና አስተማሩን። ሦስት ጎማ፣ አንድ ሲሊንደር። ሰው አላምናት ሲል የሠሪው ሚስት ባሏን ሳታስፈቅድ አስነስታ ረጅም መንገድ ነዳቻት። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው፤ ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ቆዳ አለበሰላት።

ማን እንዳወራ እንጃ፣ በሳምንቱ መርማሪው አስጠራኝ።

«ሦስቱ ጎማ ሦስት ድርጅት ነው። ሴትዮዋ ማን ናት?»

ሳቄ መጣ፤ ፊቱን አይቼ ዋጥኩት። መምህሩ በምስጢር ቋንቋ ለአመፅ ቀሰቀሱን ብዬ ብፈርም በማግስቱ እንደምወጣ ነገረኝ። ባለቤቴ ደግሞ ወሯ ገብቶ ነበር።

«ቃሌን ራሴ ልጻፍ» አልኩት።

ትምህርቱን እንዳለ ጻፍኩና ፈረምኩ። አንብቦ በጥፊ አለኝ። መምህሩንም አስጠርቶ ወረቀቱን ወረወረላቸው።

መነጽራቸውን ቀምተዋቸው ስለነበር ዓይናቸው ሥር አስጠግተው በእርጋታ አነበቡት።

«አንድ ስህተት አለው» አሉኝ። «ቤንዚኑን ከማደያ ገዛች ብለሃል። ያኔ ማደያ የት ነበረና? ከፋርማሲ ነው።»

እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስተው አረሙት፤ ከፊርማዬ ሥርም ፈረሙ።

እሳቸውን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔ ሰባት ወር ተጨመረብኝ። ስፈታ ልጄን ላቅፋት ብል እሪ ብላ እናቷ ጉያ ገባች።

አሁን በስደት የምንኖረው ሌዊስቪል ነው፤ ያቺ ልጅ አጠገቡ ባለችው ፍሪስኮ ከተማ ቢሮ ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመልሰኝ ይህን ነገርኳት። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆየች።

«ሶ ባባ፣ ማለቴ... ያሉህን ሳይን ብታደርግ ስወለድ እዛ ትሆን ነበር?»

«አዎ።»

«ኦኬ» አለች፣ መሪውን እያየች።

የውሸቱን ቃል ባለመፈረሜ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ልክ ነበርኩ ብዬ ለእሷ መናገር ግን አቃተኝ።