በጾም የሚታኘከው ቅጠል

ያን ዓመት ሁዳዴ የገባው ብርዱ ሳይለቅ ነበር። ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ያለው የፎቃችን ደረጃ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። በባዶ ሆዴ አውቶቡስ ስጠብቅ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ እታለማሁ ግን አይበርዳትም። ጉንጯ ሞላ፣ ከንፈሯ ቀላ ብሎ፣ እየሳቀች ትሄዳለች።

እታለማሁ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ባሏ ሲታሰር ጊዜ ከአገር የወጣች የደሴ ሴት ናት። ካምደን አንድ ሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ስትሠራ ራሂማ ከምትባል የባንግላዴሽ ሴት ጋር ተወዳጀች። ፓን ያስለመደቻት እሷ ናት። ፓን ማለት አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ኖራ ይቀባና የተሰነጠቀ ደረቅ ፍሬ ይጠቀለልበታል። ትምባሆ የሚጨምሩበትም አሉ። ጉንጭ ውስጥ ወትፎ ማኘክ ነው። ያሞቃል፣ ረሃብ ያስረሳል፣ ምራቅን ቀይ ያደርጋል። እታለማሁ የእኔ ትምባሆ የለበትም፣ አይጎዳም ትል ነበር።

ራሂማ በረመዳን ቀን ቀን አትነካውም። የእኛዋ ግን ሌላ ሒሳብ አወጣች። አልውጠውም፣ እተፋዋለሁ፣ እንግዲህ ምኑ ነው ጾም የሚያስገድፈው አለችን። በፍስክ አልፎ አልፎ የምታኝከውን በጾም ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጉንጯ አታወጣውም። የእኛ ጾም ደግሞ መች ያልቃል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

ኋላ በርበሬ ያቃጥላት ጀመር፤ ወጧን ሁሉ አልጫ አደረገችው። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከደጅ መቆም አመጣች። ሴቶቹ ከሰው ተጣልታ ነው አሉ፤ አንዷማ ወንድ ይዛ ይሆናል ብላ ሳቀች። ጠጋ ብዬ ብጠይቃት ነጠላዋን ከአፏ አነሳች። ጫፉ ደም ነክቶታል።

«እየደማሁ እንዴት ልግባ?» አለችኝ። ቁስሉ ከገና በፊት ጀምሮ አልሽር ብሏት ኖሯል።

እላያችን ካለው ፎቅ የሚኖሩት የጴንጤዎቹ ልጅ ራኬብ የጥርስ ሐኪም ቤት ነርስ ናት። ለምኜ አመጣኋት። መስኮቱ ጋ አስቀምጣ አፏን አስከፍታ አየች፤ ጉንጯ ውስጥ ነጭ ነገር ተለጥፏል፣ መሃሉ ቆስሏል። የልጅቷ ፊት ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ቶሎ ቼክ መደረግ አለበት። ካንሰር ሊሆን ይችላል።»

«ፋሲካ ይለፍ።»

«ፋሲካን አይጠብቅም።»

አንቺ ደግሞ የጾም ነገር ምን ታውቂና አለቻት። ራኬብ አልተቀየመችም፤ አስቸኳይ አፖይንትመንት አስያዘችላት። ቀኑ ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። እታለማሁ በሕማማት ሥጋዬን አላስቆርጥም፣ ደሜን አላፈስም፣ ጸበሌን እጠጣለሁ ብላ በሩን ዘጋችብን። ብናንኳኳ አትከፍትም። የቀጠሮው ሰዓት እየደረሰ ነው። ጨነቀኝና የነፍስ አባቷን ጠራሁ።

አባ ኪዳነማርያም እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። ጎንበስ ብለው በሩ ላይ ባለው የፖስታ ቀዳዳ ተናገሯት።

«እታለማሁ፣ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ። ቅጠሉን ግን አልፈታሁልሽም። ተነሽና ሂጂ።»

ደረጃው ላይ ልንቀመጥ ስንል ቁልፉ ተንቀጫቀጨ።

ካምደን ያለው ሆስፒታል ይዘናት ሄድን፤ ከቁስሉ ለምርመራ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ እኔ ቤት ሰነበተች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን። በመጨረሻ ካንሰር ነው ተባለ። ትምባሆ ባይኖርበትም ፍሬው ብቻውን የአፍ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ የእርስዎ ከዚያ ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም አላት ሐኪሙ፣ ራኬብ እያስተረጎመች። ገና ወደ አንገቷ አልወረደም ነበር። ጉንጯን ቆርጠው ከክንዷ ቆዳ ለጠፉበት፣ ጨረርም ተሰጣት። ንግግሯ ተኮላተፈ። በዚያው አፏ ራሂማን አንቺም ተመርመሪ ብላ ለመነቻት።

ከዚያ ወዲያ እኔም ጉልበቴ ደከመ፣ መገናኘታችንም ሳሳ። ራኬብ መጨረሻ እንደነገረችኝ፣ እታለማሁ ደቡብ ለንደን፣ ስትሪትሃም ከእህቷ ልጅ ጋር ትኖራለች፤ ሐኪሞቿም አሁንም ካምደን እየጠሩ ያዩአታል።