ስምንተኛው ወንበር

በየቀኑ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የሒሳብ መምህሩ ከኋላ ያለውን ወንበር በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረግ ጠረግ ያደርጉና ወደ መስኮቱ ጥቂት ያዞሩታል። ከፊት ያሉትን ሰባቱን አይጠርጓቸውም፤ እነሱን ልጆቹ በልብሳቸው ይጠርጓቸዋል። ከኋላ ባለው ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። መምህሩ ኮታቸውን እንኳ እሱ ላይ ጣል አያደርጉም፤ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ይሰቅሉታል።

ጡረታ የወጡት የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው። በወጡ በሳምንቱ የሳሎኑን ሶፋ ወደ መኝታ ቤት አስገቡና በቦታው ጥቁር ሰሌዳ ሰቀሉ። ሰፈርተኛው «ጋሽ ክፍልፋይ» ይላቸዋል። ከሲሶና ከሩብ ጋር የተጣላ ልጅ ሁሉ ወደ እሳቸው ይላካል፣ ታርቆም ይመለሳል።

የወንድማቸው ልጅም በዚያው ክፍል ተምራ ነው ያደገችው። ከዓመት በኋላ በገባች ቀን «እዚህ ክፍል ውስጥ አጎት የለም፤ መምህር ነኝ» ስላሏት ምላሷ እንደዚያው ቀረ። ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች የምትተዳደር ትልቅ ሴት ናት፤ እሳቸውን ግን አሁንም «መምህር» ነው የምትላቸው።

የወረዳው ትምህርት ቢሮ ማስታወቂያ የተለጠፈው ፈተና ሊደርስ አምስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ የሚያስጠና ሁሉ ሕጋዊ ካልሆነ ይዘጋል ይላል። መምህሩ ሦስት ጊዜ አነበቡት። የሰው ልጅ ሁሉ ሒሳብ እንዲገባው ያደረጉ ሰው፣ አንዲት ወረቀት አልገባ አለቻቸው።

«ሕጋዊ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ የተጻፈው የት ጋ ነው?» አሏት የወንድማቸውን ልጅ።

«እሱን አልጻፉትም፣ መምህር።»

ተያይዘው ወደ ቢሮው ሄዱ። በመጀመሪያው መስኮት ያለው ሰው ቀና ሳይል «ስንት ልጅ ነው?» አለ።

«ሰባት።»

«እስከ ሰባት ማስጠናት ነው። ከስምንት ጀምሮ ማዕከል ነው። ማዕከል ከሆነ ለወንድና ለሴት የተለያየ መጸዳጃ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ሁለት መውጫ በር ያስፈልጋል።»

«እኔ ቤት አንድ በር ነው ያለው። እሱም አልከፈት ይላል።»

«ሰባት ከሆኑ በሩ አይመለከተንም። ማሳወቅ ብቻ ነው።»

«ይኸው አሳወቅሁ።»

«ለእኛ አይደለም፤ ለሁለተኛው መስኮት።»

ሁለተኛው መስኮት ማስጠናት እንደ ሥራ ስለሚቆጠር ፈቃድ አምጡ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ጡረተኛ ከሆኑ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ጡረተኛ መሆንዎን ግን መጀመሪያው መስኮት ያረጋግጥልን አለ። ወደ መጀመሪያው ሲመለሱ ሰውየው ለምሳ ወጥቷል። የምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ፤ ሲመለስ «እርስዎን ቅድም አላየሁዎትም?» አላቸው።

«እኔ ራሴ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ልጄ» አሉ መምህሩ።

ሲወጡ የበሩ ዘበኛ አዘነላቸው። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ፤ አንዱ መስኮት ያለውን ሌላው ሰምቶ አያውቅም። ቤትዎ ይቀመጡ፣ ተቆጣጣሪ ራሷ ትመጣለች።»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከልጆቹ እናቶች አንዷ ደግሞ የቤተሰብ ልጅ ማስጠናት ከልካይ የለውም የሚል ነገር ከየት እንደሆነ እንጃ ሰምታ ነበር። ለማንም ሳይነግሩ እናቶቹ እየተጠራሩ ልጆቻቸውን ምን እንደሚሉ አስጠኑ።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችው ማክሰኞ፣ ትምህርቱ መሐል ላይ ነው። ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«እኚህ ማን ናቸው?» ብላ ከፊት የተቀመጠችውን ትንሿን ልጅ ጠየቀች።

«አጎቴ!»

«አንተስ?»

«አጎቴ!» ሰባቱም እየተቀባበሉ አጎት አደረጓቸው። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል ዘመድ አፍርተው አያውቁም።

ጥግ ላይ ደብተር ስታርም የነበረችው የወንድማቸው ልጅ ነገሩን ልታስተካክል ብድግ አለች። «መምህር፣ ወንበር ላቅርብላቸው?»

ተቆጣጣሪዋ ፈገግ አለች። «እሺ፤ እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ባዳዋ እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት ነው።»

«ኧረ እኔ ነኝ የሥጋ ዘመዳቸው!»

ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። መምህሩ ብቻ አልሣቁም። በተማሪ ፊት ሲሣቁ የወንድማቸው ልጅ አይታቸው አታውቅም።

«ዝምድናው ይቅር» አለች ተቆጣጣሪዋ፤ «እኛ የምንቆጥረው መቀመጫ ነው። ልጅ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መቀመጫ አይዋሽም።» በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች ቆጠረች፣ ደገመችው። «ስምንት። ሰባት ብለው ነበር።»

«ሰባት ናቸው።»

«ስምንተኛው የማን ነው?»

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

«እንግዲያው ያውጡት፣ አሁኑኑ ሰባት ብዬ እፈርምልዎታለሁ።»

«አይወጣም።»

የወንድማቸው ልጅ ወደ ወንበሩ አንድ እርምጃ ተራመደች። የሰባት ልጅ ፈተና በአንድ ወንበር ሊቀር ነው! ተቆጣጣሪዋም ግራ ገብቷት አንዴ መምህሩን፣ አንዴ ወንበሩን አየች። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ በሦስት ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማብራሪያ ካልቀረበ ቤቱ እንደ ማዕከል ተቆጥሮ ይዘጋል።

ልጆቹ ሲሄዱ «መምህር፣ ወንበሩን ማድ ቤት ብናስገባው ምን ይሆናል?» አለች የወንድማቸው ልጅ።

«ማድ ቤት ነበረች፤ ከማድ ቤት ነው የመጣችው» አሉ።

የወንበሩን ባለቤት ታውቃታለች። የመምህሩ ሚስት፣ ከሞተች ሁለት ዓመት የሆናት፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጥታ እዚያ ትቀመጥ ነበር። ፊደል ቆጥራ አታውቅም። የተቀደደ ነገር እየሰፋች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርቱን ከኋላ ሆና ሰማች፤ አንድ ቀን እንኳ ጥያቄ ስትጠይቅ የወንድማቸው ልጅ አላየችም። በልጅነቷ «እትዬ፣ ለምን አትጠይቂም?» ብትላት «እኔ ለመስማት ነው የመጣሁት፣ እመቤቴ» ነበር መልሷ።

«የባለቤታቸው መታሰቢያ ነው ብዬ ልጻፍ?» አለች ወረቀቷን አውጥታ።

«ጻፊ። ማንም እንደማይቀመጥበትም ጻፊ።»

«ለምን ማውጣት አይቻልም ቢሉኝስ?»

መምህሩ ወንበሩን አዩ። ከዚያ በዝግታ ነገሯት፤ ነግረው ሲጨርሱም ወረቀቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ይችን ግን እንዳትጽፊያት።»

አልጻፈችም። ደብዳቤው አራት መስመር ብቻ ሆኖ ገባ። መልሱ በሳምንቱ ደረሰ፤ ሁለቱም ደጋግመው ቢያነቡትም ማሸነፋቸውን ወይም መሸነፋቸውን መለየት አቃታቸው። ሰው የማይቀመጥበት ወንበር መቀመጫ ሳይሆን የቤት ዕቃ ነው ይላል። ስለዚህ ቤቱ ባለ ሰባት ነው፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። ሆኖም ዕቃው ለመቀመጫ እንዳይውል ጽሑፍ ይለጠፍበት።

እሷ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽን «መቀመጥ ክልክል ነው» ብላ በትልልቁ አተመችላቸው። መምህሩ ወንበሩ መደገፊያ ላይ በክር አሰሩት። ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ወደ መስኮቱ ጥቂት አዞሩት።

ደብዳቤው ላይ የሌለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ትምህርት፣ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል እጅ። «ግማሹን ለሁለት ስትከፍለው፣» አለች፣ «ሙሉ የነበረው ያውቀዋል?» ልጆቹ ሣቁ። መምህሩም ሣቁ፤ ሰሌዳውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ፣ ከሁሉም አብልጠው ሣቁ። እሷም አብራ ፈገግ አለችና እጇን አወረደች። ከዚያ በኋላ አላነሣችውም።