የኒሙን ዛፍ የመለመልኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በገዛ እጄ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ...

የምኖረው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ነው፤ ብቻዬን። ሥራዬ የወደብ ዕቃ የሚያስፈጽም ትራንዚት ቤት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ጋር ነው የምውለው። ግቢዬ ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። በዚህ ሐሩር ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ የሰፈሩ ፍየል ካርቶን ነው የሚበላው። ጎረቤቴ እማማ ሃዋ ግን ለፍየሎቻቸው አንድ አንድ ቅርንጫፍ ሊቆርጡ በየማለዳው እኔ ጋ ይመጣሉ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል።

ቅርንጫፍ መቁረጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው ግን ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ።

«ማታ ስታስል ሰማሁህ... ምን ነካህ?» ይሉኛል። «እራት በልተሃል ወይስ እንደ ልማድህ በሻይ አደርክ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሥራ ውጪ ስሜን የሚጠራ ሌላ ሰው የለኝም።

ቅዳሜ ታዲያ ደግነቴ ተነሳብኝ። እኚህ እናት በየቀኑ ለምን ይመላለሳሉ ብዬ መጥረቢያ ተውሼ ዛፉን መለመልኩት። ግንዱ ብቻ ቀረ ማለት ይቻላል። ቅጠሉን በጋሪ ጭኜ ደጃቸው ላይ ደፋሁላቸው።

እማማ ሃዋ ክምሩን ዙሪያውን ዞረው አዩት። ከዚያ መረቁኝ።

«ጥላ ላይ አድርቄ በጆንያ አስቀምጠዋለሁ፤ ፍየል ደረቁንም ይበላል» አሉ። «በቃ እስኪዘንብ አላስቸግርህም ልጄ።»

አላስቸግርህም... «ኧረ ያስቸግሩኝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ምን ችግር አለው እማማ» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ይኸው አምስት ቀኔ፣ በሬን ያንኳኳ የለም። ትናንት ዛፉ ጫፍ ላይ የተረፈች አንዲት ቅርንጫፍ አየሁ። እንደ ምንም ወጥቼ ቆረጥኳትና ይዤላቸው ሄድኩ። እማማ ሃዋ ደጃቸው ላይ ቅጠሉን እያገላበጡ ነበር።

«ሞልቶኝ የለም እንዴ፣ ምን አደከመህ?» አሉኝ።

«እንዲያው... እንዳይጎድልብዎት ብዬ ነው።»

ተቀብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ኒም ቶሎ ያቆጠቁጣል አሉኝ የሥራ ባልደረቦቼ። እኔም ማለዳ ማለዳ ውሃ እያጠጣሁት ነው...

አንድ ፍየል እንኳ የሌለው ሰው እንዲህ ለቅጠል ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?