ዘመኑን ይጨርስ

ዘነቡ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመረች ቆየች። ሰው “ቤትሽ የት ነው?” ሲላት ግን እስከ ዛሬ አፏ ላይ የሚመጣው ነፋስ ስልክ ነው። የድሮ ግቢዋ ለመንገድ ሲፈርስ ኮባዋንም የእንጨት በሯንም ትታ ወጣች፤ ያልተወችው እድሯን ብቻ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ነጠላዋን ለብሳ፣ ታክሲ ተጋፍታ ወደ ድሮ ሰፈሯ ትሄዳለች። ልጆቿ “እዚሁ ብሎኩ ሥር እድር አለ አይደል እንዴ?” ይሏታል። አለ፤ ደግም እድር ነው። ግን እዚያ እናቷን የሚያውቅ ሰው የለም።

የእድሩ ዕቃ ቤት ነፋስ ስልክ ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ድንኳኑ አሉ። ድንኳኑን የሰፉት ዘነቡና ጎረቤቷ ሐሚዳ ናቸው። ያኔ ሁለቱም የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከሥራ ሲመለሱ ሸራውን ግቢ ውስጥ ዘርግተው ጀንበር እስክትጠልቅ ይሰፉ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሸራው ላይ ሲንከባለሉ ሐሚዳ ጫማዋን አውልቃ ታባርራቸዋለች፤ ወንዶቹም ከሥራ ሲገቡ ቆም ብለው “እንዲህ አሳምራችሁ የምትሰፉት እኛን ልትገድሉን ነው?” እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ከሳቁት ወንዶች አብዛኞቹ በዚያው ድንኳን ተለቅሶላቸዋል። ዛሬም ሸራው ሲዘረጋ የሚያወጣው ሽታ ዘነቡ አፍንጫ ላይ ሲደርስ ያ ግቢ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ይመጣባታል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ በአቶ እንግዳ እጅ ወደቀ። አቶ እንግዳ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በር ላይ ቆመው ያረፈደ ተማሪ ሲመልሱ የኖሩ ሰው። የምርጫው ቀን ሊቀመንበርነቱ ሲቀርብለት ሁሉም “እኔ ጊዜ የለኝም” ብሎ ሲሸሽ እሳቸው እጃቸውን አወጡ። ሰዉም ወደ ምሳው ቸኩሎ ነበርና በጭብጨባ ለሦስት ዓመት መረጣቸው። ጭብጨባው ሳይበርድ ሰውየው ድምፅ ማጉያ ገዙ። ቀብር ያረፈደውን በስሙ እየጠሩ ይገስጹት ጀመር፤ ሐዘንተኛ ፊት ሳይቀር። “ማይኩ” የሚል ስም ወጣላቸው። ይሄም ባልከፋ፤ የድንኳኑን ነገር ባይነኩ ኖሮ። ድሮ ድንኳኑ እስከ ሠልስቱ ሦስት ቀን ይቆም ነበር። አቶ እንግዳ “ሰው ሥራ አለው፣ ዘመኑ ተለውጧል” ብለው ኮሚቴውን አሳመኑና ድንኳኑ በቀብሩ ማግስት ጠዋት ይነሣል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ጥርሱን ነከሰባቸው።

ከሁሉም የባሰባት ዘነቡ ናት። ባሏ ገብረ መድኅን ልቡ ደክሞ አልጋ ይዟል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሰው መሀል የኖረ፣ ብቻውን ምሳ እንኳ የማይበላ ሰው። ሐኪሞቹ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ከተናገሩ ቆይተዋል። አንድ ቀን ሐሚዳ ቤት ተቀምጣ እያለቀሰች አወጣችው፦

“ሐሚዳዬ፣ እንደማይተርፍ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እንዲቀመጥለት ነው የምፈልገው። በሰፋነው ድንኳን። ሌላ ምንም አልጠይቅም።”

“ታዲያ ይሄን ሰውዬ እናንሳዋ!” አለች ሐሚዳ። “ዘመኑ እስኪያልቅ ገና ሁለት ክረምት አለ። ሁለት ክረምት ሙሉ ልንችለው ነው?”

በዚህ ተጀመረ። የሐሚዳ ልጅ ሬድዋን የቀድሞውን ሰፈር ሰው ከጀሞም ከብስራተ ገብርኤልም በስልክ ሰበሰበ። ዘነቡም አላረፈችም፤ ያን ወር ሙሉ እየዞረች ያልለመነችው እድርተኛ የለም። ስብሰባው ሲከፈት መጀመሪያ የምትናገረው እሷ እንድትሆን ተስማሙ። ሌላ ጊዜ ለምልዓተ ጉባኤ ሰው የሚጠፋበት እድር ያን እሁድ መቀመጫ አነሰው፤ ሰው ከመጋዘኑ ፊት እስከ አስፋልቱ ሞላ።

አቶ እንግዳ ግን ማንንም አላስጀመሩም። ማይካቸውን ይዘው ተነሡ።

“እንደማትወዱኝ አውቃለሁ” አሉ። “ቤቴም ውስጥ ያው ነው። ግን ደንቡ ምን ይላል? ሊቀመንበር ዘመኑ ሳያልቅ የሚወርደው የእድሩን ንብረት ከሰረቀ፣ ወይም ሰው ሞቶ ሳይደርስ ከቀረ ነው። ሰርቄ ከሆነ አውርዱኝ። ሳልደርስለት የቀረሁት ሟች ካለ አውርዱኝ። አለበለዚያ ሦስት ዓመት ሰጥታችሁኛል፣ ሦስት ዓመቴን እጨርሳለሁ።”

ሬድዋን ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። “ጋሼ፣ ሰው ካልፈለገዎት ምን ያስቀምጥዎታል? ደንቡን ያወጣነው እኛ፣ የምንሽረውም እኛ! ዛሬውኑ ይውረዱ! ቁልፉን አልሰጥም ካሉ ጓጉንቸሩን ሰብረን እንገባለን!”

“ሞክራት!” አለ ከወዲያ ጥግ ከአቶ እንግዳ ጥቂት ደጋፊዎች አንዱ፣ እየተነሣ። ወዲህም ተነሡ። ሬድዋን ከነጓደኞቹ ወደ መጋዘኑ በር ሮጠ፤ ከወዲያ ወገን የሆኑትም ሮጠው በሩ ላይ ቆሙ። አግዳሚው ተገለበጠ። “ስበረው!” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ዘነቡ ያን ቃል ስትሰማ ብድግ አለች። በዚያው በር፣ በዚያው ጓጉንቸር ላይ ያንኑ “ስበረው!” የሚል ጩኸት ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ሰምታዋለች።

ያኔ ገና ወጣት ሚስት ነበረች። በእድሩ የሊቀመንበር ዘመን የሚባል ነገር አልነበረም፤ እድርተኞቹ ደስ ያላቸውን ይሾማሉ፣ ሲከፋቸው በጩኸት ያወርዳሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን አፈራረቁ። የመጨረሻው የወረደው ሰውዬ “በወግ አልወረድኩም” አለና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወሊሶ ዘመድ ጥየቃ ሄደ። በዚያው ሰሞን፣ በነሐሴ ዝናብ፣ የዘነቡ እናት ሞተች። ገብረ መድኅን ቁልፍ ፍለጋ ከቤት ቤት ሲሮጥ ዋለ። አንዱ ወገን ጓጉንቸሩን ልስበር አለ፤ ሌላው “ማን ሾማችሁ?” ብሎ በሩ ላይ ዱላ ይዞ ቆመ። ወንዶቹ እዚያ ሲደባደቡ ለቀስተኛው ደጅ ላይ ዝናብ ይወርድበታል፣ ቤቱም ያፈሳል። ሐሚዳ ከሬሳው ራስጌ ቆማ በጎድጓዳ ሳህን የጣራውን ጠብታ ትቀበል ነበር፤ የዘነቡ እናት ፊት እንዳይረጥብ። በገዛ እጃቸው የሰፉት ድንኳን ግን እዚያው መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ደረቅ ሆኖ ተቀምጧል።

ከቀብሩ በኋላ ሰፈሩ አፈረ። ተሰብስበው ደንብ አወጡ፤ የተመረጠ ሰው ሦስት ዓመት ይቀመጥ፣ ወደዱትም ጠሉትም። ድምፅ ይሰጥ ሲባል መጀመሪያ እጇን ያነሣችው ጥቁር የለበሰችው ዘነቡ ነበረች።

“ተዉ!” አለች አሁን። ድምፅዋ ማይክ አላስፈለገውም። “ሬድዋን፣ ከበሩ ዞር በል!”

ሰው ሁሉ ዞረ። ሊቀመንበሩን ታወርድልናለች ብሎ የጠበቃት ሰው ሁሉ።

“እኔ ይሄን ሰውዬ አልወደውም” አለች። “አሁንም ሳየው ደሜ ይፈላል። ላወርደው ነበር የመጣሁት፣ የለመንኳችሁም እኔው ነኝ። ግን እናቴ እንዴት እንደተሸኘች የምታውቁ ታውቃላችሁ። የመረጥነው ለሦስት ዓመት ነው፤ እስክንጠላው ድረስ አላልንም። ዛሬ እኛ በጩኸት ካወረድነው ነገ የእሱ ወገን የእኛን ሰው በጩኸት ያወርዳል። ከዚያ ቁልፉ ማን ኪስ እንደገባ የሚያውቅ ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ በመሀሉ ይሞታል። ዘመኑን ይጨርስ። ምርጫው ሲደርስ መጀመሪያ የምጥለው እኔ ነኝ።”

የድሮዎቹ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። በሩ ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ዞር አሉ። ሬድዋን ብቻ “እትዬ ዘነቡ፣ ሸወዱን እኮ!” ብሎ እጁን አወራጨ። አቶ እንግዳ አመሰግናለሁ እንኳ አላሉ፤ ማይካቸውን አንኳኩተው “ወደ ቀጣዩ አጀንዳ” አሉ። ዘነቡ በዚያች ደቂቃ በንግግሯ በጣም ተጸጸተች።

ማታ ለገብረ መድኅን ነገረችው። እየሳለ ሳቀ። “እንግዲህ ሰውዬው ዘመኑን እስኪጨርስ መቆየት አለብኝ ማለት ነው” አላት። ወደ ማዕድ ቤት ሄዳ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች።

አልቆየም። በሐምሌ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ እጇን ይዞ ሄደ። ልጆቿ ለእድሩ ደወሉ። ዘነቡ ገና ልቅሶዋን ሳትጨርስ ከፎቁ ሥር የኢሱዙ ድምፅ ሰማች። በመስኮት ስታይ አቶ እንግዳ በዝናቡ ሸራውን እየጎተቱ ያስወርዳሉ፤ ኮታቸው ብስብስ ብሏል፣ ማይኩን አልያዙም። ድንኳኑ ብሎኩ ፊት ቆመ። ስትወርድ ያ የሸራ ሽታ ተቀበላት። ሥሩ ገብታ፣ ጣራውን፣ የራሷን ስፌት አየች፤ አንዲትም ጠብታ አይወርድም። እናቷን አስታውሳ ለሁለቱም አለቀሰች።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት አቶ እንግዳ ሊያስነሡት መጡ።

“እስከ ሠልስቱ ይቆይልኝ” አለቻቸው። እሳቸውን ለምና አታውቅም ነበር።

“ወይዘሮ ዘነቡ፣ ለሌላው የከለከልኩትን ለእርስዎ ብፈቅድ ምን ይሉኛል?” አሉ። ዓይኗን አላዩም። ካስማውን አስነቀሉ። ዘነቡ ባዶው ሜዳ ላይ ቆማ ያን ዕለት በጩኸት ባስወረድኳቸው ኖሮ አለች በልቧ፤ ከልቧም ነው ያለችው።

ረፋዱ ላይ ሐሚዳ ከነፋስ ስልክ የመቀመጫ ዱካዋን በፌስታል ይዛ መጣች። ኋላዋ ሬድዋን ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሟል። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። የቀድሞው ሰፈር መቀመጫውን እየያዘ መጥቶ የብሎኩ መተላለፊያ ውስጥ፣ ደረጃው ላይ ሳይቀር፣ እስከ ሠልስቱ ተቀመጠ። ገብረ መድኅን ብቻውን አልተተወም።

ሁለተኛው ክረምት አልፎ ምርጫው ደረሰ። አቶ እንግዳ ዓይናቸውን በጨው አጥበው እንደገና ተወዳደሩ። ዘነቡ ቃሏን ጠበቀች፤ “እንግዳን የሚቃወም” ሲባል ከሁሉ ቀድማ እጇን እስከ ትከሻዋ ሳይሆን እስከ ሰማይ ሰቀለች። ሬድዋን ተመረጠ። ጭብጨባው ሲያበቃ ሁሉም አቶ እንግዳን ተመለከተ።

ሰውየው ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከደረት ኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ሬድዋን እጅ ላይ አኖሩት።

“ብርድ ሲሆን አልከፍት ይላል” አሉት። “ወደ ግራ ትንሽ ገፋ አድርገው። ዝናብ ላይ እንዳያስቸግርህ።”

ከዚያ ሄደው ከሰው መሀል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጎናቸው ያለችው ዘነቡ ነበረች። ጠጋ አለችላቸው፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሣ እሳቸው አላዩም።